ዝግ ሜዳ ላይ ልትሰለጥኑ ነው? የሞተረኞች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሰሞን ጥያቄዎች ከወሎ ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው። መኪናም እግረኛም በሌለበት ዝግ ሜዳ፣ አሰልጣኝ ባለበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ሊነዱ የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው የጻፉልኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኞቻችን ሞተር የለመድነው መንገድ ላይ፣ ከባጃጅና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋን ነው። ፍሬናችን ምን ያህል እንደሚይዝ የምናውቀው ፍየል ድንገት ሲገባብን ነው።

«የምነዳው ቦክሰር 150 ነው። ጓደኞቼ በዚህ ምን ልትማር ነው አሉኝ። ልተወው?» (ኮምቦልቻ)

አትተወው ወንድሜ። ስልጠናው እሽቅድድም አይደለም። እንዲያውም ለጀማሪ ትንሽ ሞተር ይሻላል። የለመድከውን ይዘህ ሂድ፤ ለዚያ ቀን ብለህ የሰው ትልቅ ሞተር አትዋስ።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል እየተባልኩ ነው የለመድኩት። አሰልጣኙ ደግሞ በእሱ ተጠቀም ይላል አሉ። ማንን ልስማ?» (ደሴ)

አሰልጣኙን። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ እንኳን ጠየቅከኝ። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ጎማው ይቆለፍበትና እየተንሸራተተ ይሄዳል እንጂ ቶሎ አይቆምም።

ሰው የሚጥለው አያያዙ ነው። ደንግጠህ አንዴ ጭምቅ ካደረግከው፣ ክብደቱ ፊት ላይ ሳያርፍ ጎማው ይቆለፋል። ላም ሲታለብ ጣት እንዴት እንደሚጠብቅ አይተሃል? እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ የበለጠ ጠበቅ። ይህ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው፤ ኩርባ ላይ ተጋድመህ ወይም ጠጠር ላይ ሆነህ አትሞክረው። በ30 ጀምር። እጅህ ሲለምድ ወደ 40፣ ወደ 50 ከፍ በል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዘህ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ60 እየሄድክ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ከፈጀብህ ደግሞ 17 ሜትር ገደማ አልፈሃል። በመጀመሪያው ቀን ሌላው ሁሉ ቢቀርብህ እንኳ ይቺን ነገር በደንብ ተማራት።

«ወንድሜ ከዓረብ አገር የላከልኝ ሄልሜት ይሰፋኛል። ስፖንጅ ጨምሬ ልጠቀምበት?» (ወልዲያ)

አይሆንም እህቴ። ሄልሜት ጉንጭሽን ጫን ሊልሽ ይገባል። ማሰሪያውን እሰሪና ከኋላ በኩል ወደ ላይና ወደ ፊት ግፊው። ከራስሽ ከወጣ ስትወድቂም ይወጣል። አገጭ የሚሸፍን፣ በልክሽ የሆነ ፈልጊ። ያገለገለ አትግዢ። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነሳም፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም።

«ልጄ እሁድ ልሰለጥን ነው ይለኛል። ሆዴን ባር ባር አለው። ልከልክለው?» (ሐይቅ)

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ልጅዎ ደሴ ድረስ በሞተር የሚመላለስ ከሆነ፣ አስፈሪው ያ መንገድ ነው። እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጥ ሰው ይኖራል? ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና አለ? በአንድ ጊዜ ስንት ሞተር ነው የሚገባው? መልስ ከሌለው ይከልክሉት። ካለው መርቀው ይላኩት። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጓንትና ወፍራም ጃኬት ማድረጉን ግን በዓይንዎ ይዩ።

«ስልጠናው ረመዳን ላይ ዋለ። እየጾምኩ መንዳት እችላለሁ?» (ባቲ)

የጾሙን ነገር ሼሆቹን ጠይቅ፤ እኔ የሰውነቱን ልንገርህ። ሄልሜትና ጃኬት ውስጥ ብዙ ያልብሃል። ውኃ ያነሰው ሰው ሐሳቡ ይበተናል፣ እጁም ይዘገያል። ከተቻለ ከዒድ በኋላ ወዳለ ቀን አዛውረው። ካልተቻለ ሱሑር ላይ ውኃ በደንብ ጠጣ፣ ጠዋት ከሚገቡት ጋር መድቡኝ በል፣ መጾምህን ለአሰልጣኙ ንገር። ራስህን ካዞረህ ውጣ፤ ማንም አይታዘብህም። በዐቢይ ጾም ሳይቀምሱ ለሚውሉ ጓደኞችህም ነገሩ ያው ነው።

«ስልጠናው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ እየነዳሁ ነው የምወርደው። ምን ላዘጋጅ?» (ደሴ)

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ማርሽ አውጥተህ አትልቀቀው። ማርሽ ቀንስና ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጠህ ከወረድክ ሸራው ይግልና መያዝ ያቅተዋል። የጎማውን ነፋስ ደርሰህ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ እንደገና አስለካ። ካቴናውን ዘይት የምትቀባው በዋዜማው ይሁን፤ ጠዋት ከቀባኸው እየተረጨ የኋላውን ጎማ ያንሸራትትብሃል። ቤንዚንም በዋዜማው ያዝ፤ ጠዋት ማደያ ተሰልፈህ እንዳታረፍድ።