ታቅፎ የተሞላቀቀ ሕፃን የለም፦ ከጎንደር ወላጆች የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ዓመት ስላልሞላቸው ልጆች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ልጄ 6 ሳምንቷ ነው። ጠግባም፣ ተቀይሮላትም ማታ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ታለቅሳለች። ላነሳት ስል አማቴ «ተያት፣ እቅፍ ትለምድብሻለች» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ዓይን ነው» ትላለች። (ከአዘዞ)

አንሺያት እህቴ። ደጋግመሽ አንሺያት።

የሕፃን ለቅሶ ከ2 ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል። 6 ሳምንት አካባቢ በጣም ይበረታል። ከዚያ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ማታ ላይ መባሱም የተለመደ ነው። አሁን ያለሽው ከባዱ ሳምንት ላይ ነው። ያንቺም ጥፋት አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም።

እቅፍ መልመዱን በተመለከተ፣ ሲልቪያ ቤልና ሜሪ ኤንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባልቲሞር ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታትለው ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት የአማትሽን ስጋት አይደግፍም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ ቶሎ ምላሽ ያገኙ ልጆች ዓመት ሊሞላቸው ሲል የሚያለቅሱት ያነሰ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ የተሠራ ጥናት አለ። ወላጆች ልጃቸውን ሳያለቅስም ጭምር ከወትሮው ረዘም አድርገው እንዲያቅፉ ተደረገ። 6 ሳምንት ላይ የእነዚህ ልጆች ለቅሶ ከሌሎቹ በ43 በመቶ አነሰ። ስለዚህ አንቀልባሽን አውጪ። ገና ሳትነጫነጭ፣ ከመምሸቱ በፊት እዘያት።

የ6 ሳምንት ልጅ እናቷን ለማታለል አታለቅስም። እንዲያ የሚያስብ አእምሮ ገና የላትም። አማትሽ ይህን የሚሉት ለአንቺ አዝነው ነው፤ ስለዚህ ረዳት አድርጊያቸው። «እማዬ፣ እራቴን እስክበላ እሹሩሩ በሉልኝ» በያቸው።

ጤና አዳምም ሆነ ቅቤ ወይም ውኃ አታቅምሻት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃታል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ አረንጓዴ ካስመለሳት ወይም ከዛለች ሳይነጋ ሐኪም ቤት ውሰጃት። አንቺም ሲመርርሽ በጀርባዋ አስተኝተሻት ለጥቂት ደቂቃ ወጣ በይ። በንዴት ግን በፍጹም አትነቅንቂያት። አንጎሏን ሊጎዳው፣ ሕይወቷንም ሊያሳጣት ይችላል።

የልጅ ልጄ 9 ወሩ ነው። በ4 ወሩ ሲያመጡት ከእቅፌ አልወርድም ይል ነበር። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ሲመጡ ግን እጄን ብዘረጋለት ጮኾ እናቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ምን አስቀየምኩት? (ከፒያሳ)

እማማ፣ ምንም አላስቀየሙትም። ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ሕፃናት እንግዳ ፊት መፍራት ይጀምራሉ። «የኔ» የሚላቸውን ሰዎች ለይቷል ማለት ነውና ደግ ምልክት ነው። እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ከእናቱ ጋር ይጫወቱ። ትኩር ብለው አይዩት። ማንኪያም ቢሆን ያቀብሉት። እሱ ሲዘረጋልዎ ያኔ ይቀበሉት። ቤተ ዘመዱም «ይሄ ልጅ ሰው አይወድም» እያለ ከእጅ ወደ እጅ እንዳያዞረው እርስዎ ይቆጡልኝ።

መንታ ወንዶች አሉኝ፣ 7 ወራቸው ነው። አንዱ የትም ባስቀምጠው ይስቃል። ሌላው በር ሲዘጋ ይደነግጣል፣ አዲስ ምግብ ይተፋል፣ እንቅልፉ ልክ የለውም። ምን አጥፍቼ ነው? (ከማራኪ)

ምንም። ልጆች ጠባያቸውን ይዘው ይወለዳሉ። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒው ዮርክ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለዋል። 40 በመቶ ያህሉ ገራገር ነበሩ። 10 በመቶ አስቸጋሪ፣ 15 በመቶ ደግሞ አዲስ ነገርን ቀስ ብለው የሚለምዱ ሆኑ። የቀሩት ከአንዱም አልተመደቡም። ለእኔ ከቁጥሩ የሚበልጠው ሌላው ትምህርታቸው ነው፦ የልጁ ጠባይና የወላጁ አያያዝ ከተገጣጠመ አስቸጋሪ የተባለውም ልጅ በደህና ያድጋል።

ለዚያኛው ልጅሽ የመብላትና የመተኛት ሰዓቱን አታዛንፊበት። የተፋውን ምግብ አታስገድጂው፣ በሌላ ቀን ሞክሪ። ገበያ ይዘሽው ከወጣሽ ፊቱን ወደ ደረትሽ አድርጊው። ከልቤ የምለምንሽ ግን አንዱን «ጨዋው»፣ ሌላውን «ነጭናጫው» ብላችሁ እንዳትጠሯቸው ነው።

ባንክ ነው የምሠራው። የወሊድ ፈቃዴ ስላለቀ ልጄን ለእናቴና ለሞግዚት ትቼ ልመለስ ነው። ብትረሳኝስ?

አትረሳሽም። ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የግላስጎው ጥናት 60 ሕፃናትን ተከታትለዋል። 18 ወር ሲሞላቸው አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ሰው ጋር ተቆራኝተው ነበር። ጥብቁ ቁርኝትም ሁልጊዜ ረጅም ሰዓት አብሯቸው ከዋለው ሰው ጋር አልነበረም። ለጥሪያቸው ምላሽ የሚሰጣቸውን ሰው ይመርጡ ነበር። ሞግዚቷን በደንብ ያዢያት፣ ቶሎ ቶሎ አትቀያይሪ። ስትወጪ ተደብቀሽ አትሂጂ፣ ተሰናብተሻት ውጪ። ስትመለሺ ስልክሽን አስቀምጪና ጥቂት ከእሷ ጋር ብቻ ሁኚ። አባትየውም ይግባበት። የሠራተኛ ሕጉ ለአባት የሚሰጠው የ3 ቀን ፈቃድ በጣም ያሳዝነኛል፣ ግን ማታ ማታ ማቀፍ ፈቃድ አይጠይቅም።

ልጄ 3 ወሩ ነው። ሰው ፊት እስቃለሁ። ሳቅፈው ግን ምንም አይሰማኝም። ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ። ክፉ እናት ነኝ?

አይደለሽም፣ የኔ እህት። የነገርሽኝ ነገር ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርት ሕመም ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 5 እናቶች አንዷ ያህል የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማታል፤ ዋናው ድብርት ነው። ይታከማል።

«ልጄን ጎድቼው ይሆን?» ብለሽ እንደምትጨነቂም አስባለሁ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው ተመራማሪ እናትና ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ ለዓመታት አጥንቷል። ደህና በሆኑ ቤቶችም እናትና ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይግባቡ ይተላለፋሉ፣ መልሰው ደግሞ ይገናኛሉ። ልጅን የሚያጸናው ያ መልሶ መገናኘት ነው። ጊዜው አላለፈብሽም።

የ14 ሳምንት ክትባቱ ደርሷል። ስታስከትቢው ለነርሷ ይህንኑ ንገሪያት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ክትባቱን አትጠብቂ። ዛሬውኑ፣ ከሰው ጋር ሆነሽ ሂጂ። መናገር ከከበደሽ ለእኔ የጻፍሽውን መልእክት ለባልሽ ወይም ለእህትሽ አሳዪያቸው።