ካሴቶቹን እንዳትጥሏቸው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሙዚቃና ሙዚቃ ስለምንሰማባቸው ዕቃዎች ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ የበለጠ የማወራበት ርዕስ የለኝም። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዘፈን የራሳችን የሚሆነው ፋይሉ በእጃችን ሲኖር ነው። ኔትወርክ ሲኖር የሚሰማ፣ ፓኬጅ ሲያልቅ የሚቋረጥ ዘፈን የውሰት ነው። የምመልሰው ሁሉ ከዚህ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አባታችን ካረፉ በኋላ ቁም ሳጥን ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አገኘን። ወንድሜ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ ስላለ ይጣል ይላል። እኔ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ወደ ስልክ መገልበጥ ይቻላል?» ልጃቸው ነኝ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ወንድምሽን አስቁሚልኝ። ሁሉም ዩቲዩብ ላይ የለም፤ ያለውም ነገ ሊነሳ ይችላል። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ንገሪው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ድራም ማሽኑን ይዞ ሁሉንም ለብቻው የተጫወተበት አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ተጫወተ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ያን ካሴት ሳይጥለው ስለቀረ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ሰው ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ሰላምታውን በካሴት ቀድቶ ይልክ ነበር። ሰርግ ላይ፣ ልደት ላይ ቴፕ ተከፍቶ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ምንም ያልተጻፈበትን፣ ወይም በእስክሪብቶ ብቻ የተጻፈበትን ካሴት ከሁሉም አስቀድመሽ ስሚ። የአባትሽ ድምፅ ውስጡ ሊኖር ይችላል። የታተመ አልበም ሌላ ሰው ቤት ይገኝ ይሆናል፤ ያኛው ግን ከእናንተ ካርቶን በቀር የትም የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት አናቱን እዪው። ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ካልተሰበሩ ስበሪያቸው። ጥርሶቹ ከሌሉ ቴፑ በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም፣ በስህተት ሪከርድ ቢነካ እንኳ አባትሽ አይጠፉም። ክሩ ላልቶ ከሆነ በእስክሪብቶ ቀስ ብለሽ አጥብቂው። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከመስማትሽ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻ አሂጂው፣ ከዚያ መልሺው።

ደህና ቴፕ ከሌላችሁ ፒያሳም ሆነ አሮጌ ገበያ የድሮ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውስጡ ያለው ላስቲክ ነው፤ ስለሚለጠጥ ዘፈኑ ይጎተታል ወይም ይንቀጠቀጣል። ይቀየራል። ክሩን የሚነካውን ሄድ ደግሞ በጥጥና በአልኮል ጥረጊው፤ ቡናማ ነገር ከወጣ እስኪነጣ ድረስ ደጋግሚው። ድምፁ የታፈነ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ካሴቱ አርጅቶ ሳይሆን ሄዱ ቆሽሾ ነው።

ከዚያ ከቴፑ የሄድፎን ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ በገመድ ታገናኛለሽ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። የዛሬ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ያላቸው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ያም የሚቀበለው ማይክ ስለሆነ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይደፈጠጣል። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ኦዲዮ ማስገቢያ ያለው ትንሽ የድምፅ ካርድ ፈልጊ። በነፃ የሚገኘውን ኦዳሲቲ የተባለ ፕሮግራም ጫኚ። ከመጀመርሽ በፊት ዘፈኑ በጣም የሚጮህበትን ቦታ አጫውተሽ የድምፅ መለኪያው ጫፍ እንዳይነካ አስተካክዪ፤ ጫፍ ነክቶ የተቀዳ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ በኋላ አይጠገንም። ቀድተሽ ስትጨርሺ በዌቭ፣ ማለትም ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት፣ አስቀምጪው፤ የጥራት ምርጫውን ሲጠይቅሽ 44.1 ኪሎኸርትዝና 16 ቢት ይበቃል። አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። አቋራጭ የለውም፤ 60 ደቂቃ የሚሰማው በ60 ደቂቃ ነው የሚቀዳው። ቡና እያፈላችሁ፣ እየሰማችሁ ቅዱ።

የካሴቱን ልባስ በስልክ ፎቶ አንሺው። ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ባንድ እንደተጫወተ፣ ማን እንዳሳተመው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ዘፈን ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም ብቻ ነው ያለው። ለእህት ወንድሞችሽ በቴሌግራም ስትልኪም በፋይል መልክ ላኪ እንጂ ስልክ ላይ አጫውተሽ በቮይስ አትቅጂው። ዋናውን ቅጂ ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ አንቺ ዘንድ፣ ሌላው ሌላ ቤት። ካሴቶቹንም አትጣያቸው፤ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ፣ ከትልቅ ስፒከር ራቅ አድርገሽ አስቀምጫቸው። የስፒከር ማግኔት የካሴት ጠላት ነው።

ጥያቄ፦ «ስልኬ ላይ ሙዚቃ አይጥመኝም፣ ድምፁ ቀጭን ነው። ያለኝን ሸጬ ጨመር አድርጌ አዲስ ልግዛ?» ከመናኸሪያ

መልስ፦ አትግዛ። እባክህ አትግዛ። ስልኩ ላይ ልትጨምር ያሰብከውን ገንዘብ ሩቡን እንኳ ኤርፎን ላይ ብታወጣ ለውጡን ወዲያው ትሰማዋለህ።

መጀመሪያ ፋይልህን እየው። አሁን እጅ በእጅ የሚዞረው ብዙ ዘፈን በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ የተጨመቀ ነው፤ አንድ ደቂቃው 1 ሜጋባይት አይሞላም። ባለ 320ው ከእጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል፣ የጸናጽሉና የማሲንቆው ጫፍ ግን አይቆረጥም። መጥፎ ፋይል በሚሊየን ብር ስልክም አይድንም። ሁለተኛ፣ ባለ ገመድ ኤርፎን ግዛ፤ ጫፉ ላይ መጠኑ የተለያየ ጎማ ያለውን። ከጆሮህ ጋር የሚገጥመውን ጎማ እስክታገኝ እየቀያየርክ ሞክር። ጎማው ካልገጠመ ቤዙ በክፍተቱ ይወጣል፤ አንተ ቀጭን ያልከው ድምፅ ይሄ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኤፍኤም ሬዲዮ ባላቸው ስልኮች አንቴናው እሱ ነው። ያለ ዳታ ሬዲዮ ትሰማለህ።

ደግሞ ጆሮህን ጠብቅ። ባጃጅ ውስጥ ሞተሩን ለመብለጥ ድምፅ ጨምረን እዚያው እንረሳዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት መስማት ይቻላል፣ 90 ሲደርስ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። በደንብ የሚገጥም ጎማ የውጭውን ጩኸት ስለሚከለክል ድምፅ መጨመር አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ «ሁሌ ስለ ሌላው ትጽፋለህ። የራስህ ምርጥ ሦስት አልበም የትኞቹ ናቸው? ሳታድበሰብስ መልስ።» የድሮ አንባቢ

መልስ፦ አላድበሰብስም። አንደኛው የማሕሙድ አሕመድ ኧረ መላ መላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀዳ ነው፤ ያ ባንድ በኋላ ሮሃ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ነው ብዙ ፈረንጅ የእኛን ሙዚቃ በእሱ የተዋወቀው። እኔ ግን የምወደው ፈረንጅ ስለወደደው አይደለም። ቤዝ ጊታሩን ስሙት። አይቸኩልም፣ አይዘገይም፤ ማሕሙድ በላዩ ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ሲሄድ ከሥር ይዞታል። ይህን በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ቤዙን አልሰማችሁትም፣ ቤዙን ካልሰማችሁ ደግሞ ዘፈኑን አልሰማችሁም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 በራሷ ስም፣ ጂጂ ብላ ያወጣችው ነው። ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ አደረገው፤ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር የተባሉት የጃዝ ታላላቆች ተጫውተውበታል። ይህን ሁሉ ስም ይዞ አልበሙ የእሷ ሆኖ መቅረቱ ነው የሚደንቀኝ። እነዚያ ሰዎች የሚጫወቱት እሷን እያዳመጡ ነው። ግጥሟን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ በሄድፎን ስሙት፤ መንገድ ላይ እየሄዳችሁ አትስሙት።

ሦስተኛው ላይ የዕድሜ እኩዮቼ ይቆጡኝ ይሆናል። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ነጸብራቅ ነው። ኮምፒውተር ሙዚቃ ገደለ የሚሉ ሰዎች ይህን ከዳር እስከ ዳር ይስሙትና እንነጋገር። የአገር ቤቱን ምትና ድምፅ ወስዶ ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲያዋህደው አንዱ ሌላውን አላሳነሰውም። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን አልበም መሆኑን ነው። አሁን ሁሉም ነጠላ ዜማ ነው፤ አንድ ዘፈን፣ አንድ ክሊፕ፣ ሁለት ሳምንት ቲክቶክ ላይ፣ ከዚያ የሚያስታውሰው የለም። ወጣቶቹን አልወቅስም፣ ገበያው እንደዚያ ነው። ግን ዘፋኝን የምታውቀው ክሊፕ ባልተሠራለት ሰባተኛው ዘፈን ላይ ነው፣ እዚያ ድረስ ካልሄድክ አታውቀውም።

ጥያቄ፦ «ፍቅር ሐይቅ በእግር ስንንሸራሸር እያንዳንዱ የጓደኛ ቡድን የራሱን ብሉቱዝ ስፒከር ከፍቶ አንዱም አይሰማም። እኔ ነኝ አስቸጋሪ ወይስ ሰዎቹ?» ጸጥታ ወዳጅ

መልስ፦ አንቺ አይደለሽም። ሐይቅ ዳር የመጣ ሰው ሁሉ ያንቺን ምርጫ ለመስማት አልመጣም፣ አንቺም የእሱን። ስፒከሩን የያዛችሁ፣ ድምፁ ከራሳችሁ ክብ እንዳይወጣ አድርጉ፤ ይኼው ነው። ጠጋ ብለሽ በፈገግታ «ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልኝ» ብትዪ ብዙው ሰው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ቄጣላውን፣ የጋራ ዜማውንና ጭፈራውን፣ በስልኬ ቀረጽኩት፤ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን እንዳለ ተሰነጣጥቋል። ለሚቀጥለው ምን ላድርግ? ማይክ መግዣ የለኝም።»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላመጣህ አመሰግናለሁ። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው። ድምፁን መዝግቦ ማስቀመጥ ግን የእኛ ሥራ ነው።

የቀረጽከው ድምፅ የተሰነጠቀው ቅርብ ስለነበርክ ነው። በመቶ የሚቆጠር ወንድ አንድ ላይ ሲያዜምና መሬቱን ሲረግጥ ያቺ ትንሽ ማይክ አትችለውም። ስልኩ ደግሞ ዝም ሲባል ድምፁን በራሱ ይጨምራል፣ ሲጮህ ይቀንሳል፤ ዜማው የሚወጣና የሚወርድ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ራቅ በል። በምስል ለመቅረብ ዙም አታድርግ፣ አንዳንድ ስልክ ድምፁንም አብሮ ይስባል። የሚመራው ሰውና የሚቀበሉት እኩል የሚሰሙበትን ቦታ ፈልገህ እዚያው ቁም፤ ከቦታ ቦታ አትዘዋወር። ማይኩ የት እንዳለ እወቅ። አብዛኛው ስልክ ከታች በኩል ነው ያለው፣ ሰው ደግሞ ሲቀርጽ በጣቱ ይደፍነዋል።

የጓደኛህን ስልክ ከተዋስክ የበለጠ ጥሩ ነው። አንዱ ምስል ይቅረጽ፣ ሌላው የድምፅ መቅጃ ብቻ ተከፍቶ ሰው የማይገፋው ቦታ ይቀመጥ። ድምፅን በእጅ መቀነስ የሚያስችል አፕ ከሆነ ቀንሰው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ካለ ማይኩን በስስ ስፖንጅ ወይም በካልሲ ሸፍን። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንዴ ጮክ አድርገህ አጨብጭብ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን በጭብጨባው ታገጣጥማቸዋለህ። ሁለቱንም ስልኮች ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርግ፣ መሀል ላይ ስልክ ቢደወል ቀረጻው ይቋረጣል። የበዓሉን ቀን የሚወስኑት ጨረቃና ከዋክብትን የሚያዩት አያንቶዎች ስለሆኑ በየዓመቱ አንድ ቀን አይውልም፤ ሚሞሪህን ቀደም ብለህ ባዶ አድርገህ ጠብቅ።

ከመቅረጽህ በፊት አስፈቅድ። ሲያልቅ ደግሞ የመራውን ሰው ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ የዜማውን ስምና የተዘፈነበትን ምክንያት ጠይቀህ እዚያው ስልክህ ላይ በድምፅ ያዝ። ሲዳምኛ የማትችል ከሆነ የሚችል የክፍል ጓደኛህን ይዘህ ሂድ፤ ግጥሙን መስመር በመስመር ይጻፍልህ። ቲክቶክ ላይ የምትለቃት 30 ሴኮንድ ትለቀቅ፣ ሙሉውን ግን ሳትቆርጥ አስቀምጥ፣ አንድ ቅጂም ለዘፈኑት ሰዎች ስጥ።