ሁሉም «ቤት፣ ትምህርት፣ ጤና» ሲሉ የሜሪላንድ ዕጩዎችን እንዴት እንለይ?

ውድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በላኩልኝ ደብዳቤ ለሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት የሚወዳደሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ስለሚገቡ መለየት እንደተቸገሩ ጽፈዋል፤ ከበራሪ ወረቀታቸው ይልቅ ያቀረቡትን ረቂቅ ሕግ ይመልከቱ። ዕጩው አሁን በምክር ቤቱ ያሉ ከሆነ፣ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ስማቸውን ፈልገው ረቂቆቻቸውንና የሰጡትን ድምፅ ያንብቡ፤ መደበኛው ጉባኤ በዓመት 90 ቀን ብቻ ስለሚቆይ፣ በእርግጥ የሚያስቀድሙት ጉዳይ እዚያ ይታያል። አዲስ ዕጩ ከሆኑ ግን መጀመሪያ የሚያቀርቡት ሕግ ምን እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በቀጥታ ይጠይቋቸው።

ቃሉ በሥልጣናቸው ሥር መሆኑንም ያጣሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበትን የሞንጎመሪ ካውንቲን የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ ተከራይን ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣትን ለመከልከል ግን ስቴቱ ሕግ ማውጣት አለበት። ስለ ኪራይ የሚናገር ዕጩ ይህን ካልለየ ጉዳዩን አላጠናውም ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ብዙ ወገኖቻችን ድምፅ ለመስጠት እስከ ኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ሲጠብቁ አይቻለሁ። በአካባቢያችን ፉክክሩ በአብዛኛው የሚያበቃው ዴሞክራቶች ዕጩዎቻቸውን በሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ ሲሆን፣ በዚያ ድምፅ የሚሰጠው የፓርቲው አባል ሆኖ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነውና ምዝገባዎን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።