ትንሿን ብየዳ እዩልኝ

ልጆቼ፣ በቀደም ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ መወዛወዝን የሚለካ ሴንሰር ከተገጠመ እኮ ስንጥቅ ሲኖር ብረቱ ራሱ ይናገራል» ያለኝ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እዚሁ አዳማ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የወንፊቱ ማሽን የቆመበት ብረት ድምፁ ተለወጠ ተብዬ ተጠራሁ። ከዓመት በፊት ፈትሼ «ደህና ነው» ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ትልልቁን ብየዳ ሁሉ አየሁ፤ ምንም የለበትም። ልወርድ ስል አንዱ እግር ላይ ኬብል ለማንጠልጠል የተበየደች፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ብረት አየሁ። ከሥሯ ፀጉር የመሰለች የዝገት መስመር ወርዳለች። በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፣ በቤንዚን ጠረግሁ፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገውን ቀይ የመፈተሻ ቀለም ነፍቼ ጠበቅሁ። ጠራርጌ፣ የሰረገውን ቀይ መልሶ የሚስበውን ነጭ ቀለም ስነፋበት ቀይ መስመር ቀስ እያለ ወጣ፤ የእግሩን ግማሽ ዞሯል። ያቺ ቁራጭ ንድፉ ላይ የለችም።

ባሕር ላይም ያው ነው። መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. በሰሜን ባሕር ላይ አሌክሳንደር ኪየላንድ የተባለው ባለ አምስት እግር የሠራተኞች ማደሪያ መድረክ ተገለበጠ። ከ212 ሰው 123ቱ አለቁ። መነሻው የውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ መሣሪያ የሚያዝበት ቁራጭ ብረት ነበር፤ በ6 ሚሊ ሜትር ብየዳ እግሩን ከመዋቅሩ ጋር ከሚይዙት ማሰሪያ ብረቶች ካንዱ ጋር ተያይዟል። ስንጥቁ ከዚያ ተነሥቶ ማዕበል በመታው ቁጥር አደገ። ማሰሪያው ሲበጠስ ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ እነሱም ተከታትለው ተበጠሱ፤ እግሩ ተገንጥሎ ሄደ።

ሴንሰሩን አልናቅሁም። ማሰሪያ ሲበጠስ መዋቅሩ ቀስ ብሎ መወዛወዝ ይጀምራል፣ መሣሪያውም ይይዘዋል። ግን እግሩ ላይ የሚለጠፈው ዛጎልና አረምም ክብደት ጨምሮ ያዘገየዋል፤ ገና የጀመረች ስንጥቅ ደግሞ ሴንሰሩ የሚያነበውን ቁጥር ጨርሶ ላታንቀሳቅሰው ትችላለች። ሴንሰሩን የት እንደምትለጥፉ የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ነው።

በኪየላንድ ስንጥቅ ውስጥ የቀለም ርዝራዥ ተገኝቷል። መድረኩ ቀለም ሲቀባ ስንጥቁ ነበረ ማለት ነው፤ ገና ባሕር ሳይገባ።

እዚህ ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖች አሉን፤ በፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የተተከሉት ብቻ 102 ናቸው። እነሱም ቀን ከሌት ይወዛወዛሉ። እዚያ ሥራ ከገባችሁ፣ በርክክቡ ቀን ንድፉን በእጃችሁ ይዛችሁ ዙሩ። ንድፉ ላይ የሌለ ብየዳ ካያችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቀኑንም ጻፉበት።