ሁለት የተለያየ ቁጥር ስታገኚ

ሰላም እህቴ። በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ ለዳታ ባለሙያነት ስትወዳደሪ «በኢትዮጵያ አንድ ሐኪም ለስንት ሰው ይደርሳል? ኢንተርኔት ላይ ካለ መረጃ በሁለት ገጽ ጻፊ» የሚል ፈተና ሰጥተውሻል። የ2023 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቁጥር ግን አንዱ ጋ ወደ 107 ሚሊዮን፣ ሌላው ጋ ከ126 ሚሊዮን በላይ ሆነብሽና «የቱን ልውሰድ?» አልሽኝ።

አትደንግጪ፣ ፈተናው ራሱ እዚህ ጋ ነው። 107ቱ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ነው። 126ቱ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ሲሆን ዓለም ባንክም በዋናነት የሚቀዳው ከዚያው ነው። ስለዚህ «ሁለቱ ተስማምተዋል» ብለሽ እንዳትከራከሪ፤ አንድ ምስክር ሁለቴ ሲናገር ነው የሰማሽው።

ቆጠራ ግን አንዳቸውም አይደሉም። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ነበር፣ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን፣ ቀጣዩ እየተራዘመ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምታዪው ሁሉ በወሊድ፣ በሞትና በፍልሰት ግምት የተሰላ ነው።

እኔ ብሆን የሐኪሞቹን ቁጥር ከአገር ውስጥ ሪፖርት ስለምወስድ የስታቲስቲክስ አገልግሎቱን እይዛለሁ፤ በክልል ከፋፍሎም ያወጣልና። ከዚያ ሥሩ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «በተባበሩት መንግሥታት ግምት ቢሰላ ይህን ያህል ይሆናል» ብዬ እጨምራለሁ። ፈታኙ የሚፈልጋት ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው።

ዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ አደራ! ጀማሪ ሳለሁ «የ2003 በጀት ዓመት» የሚል ሠንጠረዥ ከ2003 የፈረንጆቹ ዳታ ጋር አጣብቄ ግራፍ ሠራሁ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ሽቅብ ተተኮሰ። ስብሰባ ላይ አለቃዬ «እዚህ ጋ ምን ተፈጠረ?» ሲሉኝ ስለ ፖሊሲ ለውጥ ማብራራት ጀመርኩ፣ በልበ ሙሉነት። ለካ የተፈጠረው ሰባት ዓመት ነው።

ለወደፊቱ መለማመጃ ከፈለግሽ የዓለም ባንክ የማይክሮዳታ (ያልተደመረ፣ የእያንዳንዱ ተጠያቂ ጥሬ መልስ) ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት አለ። ተመዝግበሽ በነፃ ታወርጂዋለሽ፣ መጠይቁም አብሮ አለ። መጀመሪያ መጠይቁን አንብቢ፤ ሰዉ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ሳታውቂ መልሱን አትደምሪ።

ያገኘሽውን ፋይል ደግሞ ዛሬውኑ አውርጂና ያወረድሽበትን ቀን ስሙ ላይ ጻፊ። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ ልክ በማስረከቢያሽ ዋዜማ አልከፈት ይላል።