መልስ፦ ለአሮጌ ማዘርቦርድ የሚስማማ ራም
ጤና ይስጥልኝ። ጂ41 የተባለ የኢንቴል ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከራሙና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) ባለው ማዘርቦርድ ላይ ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ራም ቢሰኩም ኮምፒውተሩ ለምን እንደማይነሳ ጠይቀዋል። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 የተባሉት የራም ዓይነቶች ሁለቱም 240 ፒን ቢኖራቸውም፣ የጥርሳቸው ክፍተት ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፤ የእርስዎ ያለ ግፊት ከገባ በዓይነቱ በኩል ችግር የለም።

እኔ የምጠረጥረው በራሙ ላይ ያሉትን የማስታወሻ ቺፖች ነው። ይህ ቺፕሴት እያንዳንዳቸው ከ2 ጊጋቢት (8 ጊጋቢት 1 ጊጋባይት ነው) በላይ የሚይዙ ቺፖችን ስለማይደግፍ፣ 4 ጊጋባይቱ በ8 ቺፖች ብቻ የተሠራ ከሆነ ራሙ ጤነኛ ቢሆንም አይሠራም፤ የሚያስፈልግዎ በሁለቱም ገጽ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 16 ቺፖች ያሉት ነው። ሻጮች ይህን እምብዛም ስለማያነሱ (ብዙዎቹም አያውቁትም)፣ ከመክፈልዎ በፊት ራሙን ገልብጠው ይቁጠሩ። ፍጥነቱ አያሳስብዎ፤ ባለ 1333 ራም በዚህ ቦርድ ላይ ራሱ ወደ 1066 ዝቅ ብሎ ይሠራል። በርካሽ የሚቀርብልዎትን ሬጅስተርድ (ተጨማሪ የመቆጣጠሪያ ቺፕ ያለው) የሰርቨር ራም ግን አይግዙ፣ ቦርድዎ አይቀበለውም።