በስካውት ዓይን የማይታየው

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የተሰኘ ፊልም ለ12 ዓመት ልጄ ላሳያት አስቤአለሁ፤ የጥቁሮች አቀራረቡ ዛሬ እንዴት ይመዘናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት የሚካሄደው ታሪክ በነጯ ሕፃን በስካውት ዓይን የሚታይ በመሆኑ፣ ዘረኝነትን በግልጽ ቢያወግዝም ወደ ጥቁሮቹ ኑሮ እምብዛም አይዘልቅም። በሐሰት የተከሰሰውን ቶም ሮቢንሰንን የተጫወተው ብሮክ ፒተርስ ምስክርነቱን ሲሰጥ ልብ ይነካል፤ ከችሎቱ ውጭ ግን ድምፁ ብዙም አይሰማም። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ፣ ፊልሙ በተመሠረተበት በሃርፐር ሊ ልብ ወለድ ውስጥ የነስካውት ቤት ሠራተኛ ካልፑርኒያ ስካውትንና ወንድሟን ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ፣ ከነሱ ቤት ውጭ የራሷ ሕይወትና ሌላ አነጋገር እንዳላት የሚገነዘቡበት ምዕራፍ በፊልሙ አለመካተቱ ነው። ከፍርዱ በኋላ ጥቁሮቹ ታዳሚዎች በሰገነቱ ላይ ለቶም ጠበቃ ለስካውት አባት ለአቲከስ በአክብሮት ከሚቆሙበት ትዕይንት ሲደርሱ ፊልሙን ለአፍታ ያቁሙና፣ ከቆሙት መካከል የስንቱን ስም እንደምታውቅ ልጅዎን ይጠይቋት።